ጸበል ቅመሱልኝ

 

ዛሬ ከሾላ ገበያ ተነስተን እንጦጦ ድረስ እንወጣለን። በመንገዳችን ላይ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ሸመታና ስለ ማኅበር እናወራለን። የማወራው ስለማውቀው ሰፈር ነው። ያደግሁት ኮተቤ ነውና አንዳንድ ቦታ ላይ ስሜት ቢገባበት ይቅርታችሁን ከወዲሁ እጠይቃለሁ።

የበዓል ዋዜማ ሾላን ያየ ሰው ሌላ ገበያ ለማየት አይጓጓም። እግሩ የታሰረ ዶሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ በአጠገባችሁ ያልፋል። ቅቤው ይሸተታል፣ ይቀመሳል፣ ከዚያ ይነቀፋል። ሻጩ በእናቱ ይምላል፤ ገዢዋ የሄደች መስላ ትመለሳለች። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሾላ ዋጋ ሌላ ዋጋ ሆኗል። ግፊያው ግን ያው ነው።

አንድ ዋዜማ እናቴን አጅቤ ሄጄ ዘንቢል ይዤ ስቆም፣ ሥራ ስላልነበረኝ የሰው ወሬ ስሰማ ዋልኩ። ሦስተኛ ዶሮ ልትጨምር የምትከራከር ሴት ነበረች። ጓደኛዋ «ምን ያደርግልሻል?» ብትላት «የባሌ ዘመዶች ይመጣሉ፤ ሰው ምን ይለኛል?» አለች። አንዷ ደግሞ ሽንኩርቱን በጆንያ አስጭና «ባለፈው ወር ተረኛዋ ያቀረበችውን አይተሽ የለ?» ስትል ሰማኋት። ያን ቀን ጆሮዬ ከገባው ሁሉ «እኔ አማረኝ» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ይህን ልብ በሉልኝ።

ስለ ሸማችነት ብዙውን የጻፉት የሌላ አገር ሰዎች ናቸው፣ የጻፉትም ስለ ሌላ አገር ነው። እዚያ ታሪኩ እንዲህ ይተረካል። ሰው ከጎረቤቱ ተቆርጦ ብቻውን ቀረ፤ ብቻውን ሲቀር ማንነቱን ከሱቅ ይገዛ ጀመር፤ ማን እንደሆነ ጫማውና መኪናው እንዲናገሩለት ፈለገ። መድኃኒቱ ወደ ወገን መመለስ ነው ይላሉ። ለእነሱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኛ ግን መች ወጣንና ነው የምንመለሰው? እድር አለን፣ እቁብ አለን፣ ጽዋ ማኅበር አለን፣ ሰንበቴ አለን። እንዲያም ሆኖ እንሸምታለን፣ ያውም ከአቅማችን በላይ። የእኛ ሸመታ ምንጩ ብቸኝነት ሳይሆን የሚያየን ሰው መብዛቱ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን በራሳችን መልክ መጠየቅ አለብን፤ ማኅበር ሰውን ከዕቃ ፍቅር የሚያወጣው መቼ ነው? እሱ ራሱ አስሮ ወደ ሾላ የሚነዳንስ መቼ ነው?

ማኅበር በእኛ ውስጥ ምን ያህል ሥር እንዳለው ለማየት ከስም እንጀምር። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። ወላጅ ያወጣው ስም አብዛኛውን ጊዜ ምኞት ነው፤ ሀብታሙ፣ አሸናፊ፣ የሺ፣ ትልቅሰው። ካህኑ የሚሰጡት የክርስትና ስም ግን ሌላ ዓይነት ስም ነው፤ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ሚካኤል፣ ወለተ ጊዮርጊስ። ገብረ ማለት የእገሌ አገልጋይ፣ ወልደ የእገሌ ልጅ፣ ወለተም የእገሌ ሴት ልጅ ማለት ነው። እስኪ ከፊሉን ቆርጣችሁ «ወልደ» ብቻ በሉት። ይንጠለጠላል፤ «የማን?» ያሰኛል። ዘርፍ የሚፈልግ፣ ብቻውን መቆም የማይችል ስም ነው። ሰው ሲሞትም በፍትሐቱ ላይ የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ሀብታሙ ተብሎ ኖሮ፣ ሲሸኝ ገብረ ሚካኤል ይባላል።

ቅዳሴውም እንደ ስሙ ነው። አንድ ካህን የቱንም ያህል ሊቅ ቢሆኑ ብቻቸውን አይቀድሱም። ቢያንስ 5 ልዑካን፣ ማለትም 2 ካህናትና 3 ዲያቆናት መሟላት አለባቸው። አራቱ ተገኝተው አንድ ዲያቆን ቢቀር ሰው ተልኮ ይፈለጋል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ያደገ ሰው «ሃይማኖቴ በእኔና በአምላኬ መካከል ያለ የግል ጉዳይ ነው» ሲል ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ነው የተናገረው። ግማሹ ያ ያልመጣው ዲያቆን ዘንድ ነው።

አሁን ወደ እናቴ ቤት እንግባ። እናቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፤ ወር በገባ በ12 ይሰበሰባሉ። የካ ሚካኤል በቅርብ ስለሆነ በሰፈራችን የሚካኤል ማኅበር ብዙ ነው፤ ኅዳር 12 ደግሞ ዓመታዊ በዓል ነው። ማኅበሩን የሚመራው ሰው «ሙሴ» ይባላል፤ ሕዝቡን እየመራ የሚያሻግር መሆኑ ነው መሰለኝ። አባላቱን በሐዋርያት ቁጥር 12 የሚያደርጉ አሉ፤ የእናቴ ማኅበር ግን ከዚያ አልፏል። ካህኑ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ከጽዋው ይቀመሳል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ባለ ተራ ጽዋውን ተቀብሎ፣ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ያን ወር ጽዋው የሚያድረው እሱ ቤት ነው።

የዚህ ሁሉ ቁልፍ «ተራ» የምትለዋ ቃል ናት። ዛሬ የምታበላው ሴት በሚቀጥለው ወር ትበላለች። ማንም ለዘላለም ጋባዥ ሆኖ አይከበርም፤ ማንም ለዘላለም ተጋባዥ ሆኖ አያፍርም። ደግሞ ባለ ተራው እንግዳ አይመርጥም። የማይወደው ማኅበርተኛ ቢኖርም ያው ይገባል፣ ያው ቁራሽ ይደርሰዋል። ሰንበቴውም እንዲሁ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተረኞች ዳቦና ጠላ፣ እንጀራና ወጥ ይዘው ይመጣሉ፤ ማኅበርተኛውም በደጀ ሰላም የቆመው ነዳይም ከዚያው ይቀምሳል።

አማርኛችን ለዚህ ግብዣ የሰጠው ስም ደግሞ አለ። ድግስ የደገሰ ሰው «ድግሴን ብሉልኝ» አይልም፤ «ጸበል ቅመሱልኝ» ይላል። ጸበል ውኃ ነው፤ መቅመስ ደግሞ ከመብላት ያነሰ ነው። ቃሉ ሆን ብሎ ነገሩን ያሳንሳል፤ የመጣችሁት ለእኔ ጓዳ ሳይሆን ለመልአኩ ነው ማለት ነው።

ቃሉ እዚያው ትንሽ ሆኖ ቀረ። ሳህኑ ግን አደገ። እኔ ልጅ ሳለሁ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ ነበር። ከዚያ እንጀራ በወጥ ተጨመረ። ከዚያ አንዷ ዶሮ ወጥ አቀረበች፤ በቀጣዩ ወር የመጣችው ተረኛ ከዶሮ ማነስ አልቻለችም። ለስላሳ መጣ፣ ቢራ በሳጥን መጣ፣ ክትፎ መጣ። አንድ ጊዜ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኬክ ሲቆረስ አይቻለሁ። ካህኑ ቢላውን ይዘው ትንሽ አመነቱ።

እንጀራ እየጋገረች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት ማኅበርተኛ ነበረች። አንድ ቀን «ጉልበቴን እያመመኝ ነው፤ መመላለሱ አልሆነልኝም» ብላ ከማኅበሩ ወጣች። ሁሉም «ምሕረቱን ያውርድልሽ» አላት። የመረመራት የለም። እናቴ ግን ይኸው ጉልበት ሾላ ድረስ ሄዶ የጤፍ ዱቄት ተሸክሞ እንደሚመለስ ታያለች። ቆይታ ስታሰላው ነገሩ ተገለጠላት፤ ሴትዮዋ የወጣችው ተራዋ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ነበር።

አድማጮቼ፣ ማኅበር ወደ ሱቅነት የተለወጠበት ቅጽበት ይሄ ነው። መግቢያ ዋጋ ወጣለት። የሚካኤል ማኅበር ድሃ የማይገባበት ቤት ሆነ፤ ያውም ማንም ሳያባርራት። የእናቴ ማኅበር ምን እንዳደረገ ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ነጠላውም መንገዱ ያው ነው። ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ሁሉን አንድ የሚያደርግ ነበር፤ ከሩቅ ሲታይ ሚኒስትሩና ዘበኛው አይለዩም። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ብዙዎቹ ከጋሞ የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሥራቸው የሚያኮራ ነው። ግን ዛሬ ጥለቱ በየበዓሉ ይቀየራል። የአምናውን ለብሶ መታየት አምና ቀርቷላ! ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው አንድ ዓይነት ጥለት አሠርተው፣ ፎቶ ተነስተው፣ በስልክ ለቀቁት ማለት የሚቀጥለው ቤተሰብ የቤት ሥራ ተሰጠው ማለት ነው። ሸማኔው እንጀራውን ያግኝ፤ ለእሱ ደስ ይለኛል። እኔ የምለው ከሩቅ አንድ ያደርገን የነበረው ልብስ ከቅርብ እየለየን መምጣቱን ነው።

ጾም ግን ጥሩ አድርጎ ይዞናል። በቀኖናው ሁሉንም አጽዋማት የሚጾም ሰው በዓመት ወደ 250 ቀን ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ሽሮ የሀብታምም የድሃም ወጥ ነው፤ ሽሮ በማቅረቡ የሚያፍር የለም፤ ሁሉም አንድ ላይ ትቷልና። ብቻውን ሥጋ የተወ ሰው ወይ ሐኪም አዝዞታል ወይ ኪሱ አዝዞታል ይባላል፤ ከአገር ጋር የተወ ግን ጾመኛ ነው። አሁን አሁን የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም አይስክሬም እየተባለ ገበያው እዚህም በር ማንኳኳቱን አልደብቃችሁም። ሐሳቤ ግን አልተለወጠም፤ ጾም ይዞናል።

ወደ እድር ልለፍ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም ተቆርቁራ ከየአገሩ በመጣ ሰው ስትሞላ፣ ዘመድ የሌለው መጤ በበዛበት ከተማ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጥያቄ ከባድ ነበር። እድር የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ወርኃዊ መዋጮ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን አለው። ጎሕ ሲቀድ ጥሩንባ ይነፋል፣ የሟቹ ስም ይጠራል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ የሚጻፍበት እድር ብዙ ነው። የእኔን ትኩረት የሚስበው ግን ድንኳኑ ነው። የባለ ፎቁም የቀን ሠራተኛውም ለቅሶ የሚቀመጡት በአንድ ድንኳን ሥር ነው፤ ያው የተጣፈ ሸራ፣ ያው አግዳሚ፣ ያው ንፍሮ። በእድር መተዳደሪያ ደንብ «ለሀብታም አባል የተሻለ ድንኳን ይተከላል» የሚል አንቀጽ አይቼ አላውቅም። ልክ አለው። ልክ ስላለው ማንም አይወዳደርበትም።

ከየካ ክፍለ ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ወደ የካ አባዶና ወደ ሌሎች ኮንዶሚኒየሞች የሄዱ ሰዎች የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እድር ነበር። የካ አባዶ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለው በአዲሱ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሰው በልማዱ አሁንም የካ ይለዋል። ኮንዶሚኒየሞቹ ሲሠሩ ለበግ ማረጃ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለመሰል ሥራ «ኮሚናል» የሚባል የጋራ ቤት ተጨምሮላቸው ነበር። ለቅሶውም፣ የእድር ስብሰባውም፣ አንዳንዴም ሠርጉ እዚያ ገባ። አራተኛ ፎቅ ላይ በር ዘግተው የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁት ምድር ወርደው በግ ሲያርዱ ነው።

እቁብም የራሱ ጥበብ አለው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ ከመሄዱ በፊት ዋስ ይጠራል። ዋሱ «ምን ልትሠራበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰውየው ቢጠፋ ከፋዩ እሱ ነውና የመጠየቅ መብት አለው። «ሶፋ ልቀይርበት» ያለውን «የድሮው ምን ሆነ?» ይለዋል። ግንቦት 2013 ዓ.ም ገንዘብ በስልክ የሚንቀሳቀስበት ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ ከዳሸን ባንክ ጋር በስልክ የሚወሰድ አነስተኛ ብድር መጣ። ከአገልግሎቶቹ አንዱ «እንደኪሴ» ይባላል፤ ስም አውጪውን አደንቃለሁ። ሌሊት ልጅ ለታመመበት ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ አልነቅፈውም። ሆኖም ስልክ «የድሮው ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቅም። ብድሩ የጎረቤት ዓይን የለበትም። የሚያስቀው፣ በዚያ ምስጢራዊ ብድር የምንገዛው ዕቃ ተመልሶ ለጎረቤት ዓይን የሚታይ መሆኑ ነው። የሚመክረንን ዓይን ሸሽተን ለሚያደንቀን ዓይን እንሸምታለን።

ዳገቱ ጀምሯል፤ እንውጣ።

በየካ ተራራ ላይ ዋሻ ሚካኤል አለ፤ ከአንድ አለት ተፈልፍሎ የወጣ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ነው። ትውፊቱ ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ይወስደዋል፤ የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ ከዚያ በብዙ ዘግይቶ እንደተሠራ ይናገራሉ። ክርክሩን ለእነሱ ልተወው። የጠረቡት ሰዎች ስም ግን በትውፊቱም በጥናቱም የለም። ያን ሁሉ ድንጋይ ጠርቦ ስሙን ያልጻፈ ሰው፣ ዛሬ ለደጅ ማጠሪያ ብሎኬት ሰጥቶ ስሙ በእብነ በረድ እንዲቀረጽለት ከሚጠይቀው ለጋስ ጋር ቢገናኝ ምን ያወሩ ይሆን?

እንጦጦ ደርሰናል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ትንፋሽ ይቆርጣል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም የነገሡባት እንጦጦ ማርያም እዚህ ናት። ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው፤ አዲሷ ከተማ ዙሪያዋን መንጥራ ማገዶ ባጠራት ጊዜ ከውጭ መጥቶ የተተከለ ዛፍ ነው። ከዚሁ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ለቅመው፣ ጎብጠው ቁልቁል የሚወርዱ እናቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በማኅበር ተደራጅተው ሸክሙን ትተው ሽመና የያዙ አሉ፤ አሁንም በጀርባቸው የሚያወርዱም አሉ።

በ2013 ዓ.ም የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ካፌ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ በገመድ ላይ የሚንሸራተቱበት መጫወቻ አለው። ጥሩ ነው፤ ልጆቼን ወስጃለሁ፤ የማኪያቶውን ዋጋ አልነግራችሁም። እዚያው ዳገት ላይ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ጸበል ሊቀዳ የሚወጣውና ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ፎቶ የሚያነሳው ይተላለፋሉ። አንዱን ጻድቅ ሌላውን ኃጥእ የምታደርግ ስብከት እኔ ዘንድ የለችም፤ አንዳንዴ ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ጀሪካኑን አስቀምጦ ፎቶ ይነሳል።

የእንጦጦን ጸበል የማነሳው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ኤችአይቪ ስሙ ብቻ በሚያስፈራበት፣ መድኃኒቱ ገና ባልተስፋፋበት ዘመን፣ ዘመድ የሸሻቸው ሰዎች ከየአገሩ ወደዚህ ተራራ መጡ። በጸበሉ ዙሪያ ትንንሽ ክፍል እየተከራዩ አብረው ኖሩ። ሥራ፣ ቤት፣ ትዳር፣ ጤና፣ ሰው ማንነቴ የሚለው ሁሉ ተወስዶባቸው ነበር። እዚህ ግን አንዱ አንዱን ያስታምማል፤ የዳነው ለደከመው ውኃ ይቀዳል፤ የሞተውን ያልሞቱት ይቀብራሉ። መድኃኒቱ ሲመጣ «ጸበል ወይስ ክኒን?» የሚል ክርክር ተነሳ። ያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ እንደማይጣሉ፣ ጸበሉን የጠጣ መድኃኒቱንም እንዲወስድ አስተማሩ። የእንጦጦን ታሪክ ሳስብ ከንግሡ ይልቅ ይህ ይታወሰኛል። ምንም የሚገዛበት ያልነበረው ሰው ወገን አገኘ።

መነኮሳቱ የዕቃንና የወገንን ነገር ድሮ አስበውበታል። የመነኮሳት አባት የሚባለው እንጦንስ የወረሰውን መሬት ትቶ ለብቻው በረሃ ገባ፤ ጳኩሚስ ደግሞ በ4ኛው መቶ ዘመን ግብፅ ውስጥ መነኮሳት አብረው የሚሠሩበትንና አብረው የሚበሉበትን ኑሮ አደራጀ። በእኛም ገዳማት ሁለት ዓይነት ሥርዓት አለ። «የአንድነት ገዳም» ሁሉም በጋራ የሚሠራበት፣ ከአንድ ማዕድ የሚቀመስበት ነው፤ «የቁሪት ገዳም» ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይዞ፣ ራሱን ችሎ የሚኖርበት ነው። ሁለቱም መነኮሳት ናቸው፤ ልዩነቱ ጓዳው ላይ ነው። እኛ ዓለማውያን አንድነት ነን እያልን ቁሪት የምንኖር ሰዎች ነን ብል አታዝኑብኝም።

በወንጌላውያኑም ቤት የንብረትና የእምነት ጥያቄ ተነስቷል። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም ለዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የውጭ ለጋሾች ለልማት በቀላሉ እየሰጡ ለወንጌል ሥራ ግን እጃቸው ማጠሩን አንስታ፣ ሥጋና ነፍስን ለያይቶ ሰውን ማልማት እንደማይቻል ተከራከረች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ፤ በ1971 ዓ.ም በደርግ ዘመን ተገደሉ። ዛሬ በቴሌቪዥን መኪናና ቪላ የእምነት ፍሬ ናቸው እየተባለ የሚሰበከው ስብከት የዚያ ደብዳቤ ልጅ ነው ለማለት ይቸግረኛል።

ከእንጦጦ ስንመለስ ጃንሜዳ ላይ ትንሽ እንቁም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ሲገባ ሰው እንዳይጨናነቅ ተብሎ የፒያሳው አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ሜዳ ወራቱን ሙሉ የቲማቲምና የሽንኩርት ገበያ ሆነ። ነጋዴው ጥፋት የለበትም፤ ሂድ ተብሎ ነው የሄደው። የ2013 ዓ.ም ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ፤ ሜዳው ግን በጭቃና በቆሻሻ ተሞልቶ ቀረ። ያን ጊዜ የከተማው ወጣት አካፋና መጥረጊያ ይዞ ወጣ፤ ሜዳው ለበዓሉ ደረሰ። እነዚያን ልጆች በየዓመቱ በጥምቀት ታዩዋቸዋላችሁ። በታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፤ ታቦቱ ካለፈ በኋላ ከኋላ ጠቅልለው በሩጫ ወደ ፊት ይወስዱታል፤ እንደገና ያነጥፋሉ። ምንጣፉን ተዋጥተው ገዝተውታል፤ ማናቸውም ግን አይረግጡትም። ከገበያ ከተገዛ ዕቃ ሁሉ እንደዚህ በትክክል የዋለ አላየሁም። በርግጥ በየዓመቱ አዲስ ባለ ጽሑፍ ቲሸርት ማሠራትም ተጀምሯል፤ መዋጮው የከበዳቸው ልጆች ዳር ቆመው ሲያዩ አይቻለሁ። እናንተ አስተባባሪዎች ይህን የምትሰሙ ከሆነ የአምናው ቲሸርት ይበቃል።

አሁን የቀረኝን ዕዳ ልክፈል። እናቴ ነገሩን ለሙሴው ነገረችው። በሚቀጥለው 12 ጸሎቱ ካበቃ በኋላ አጀንዳ ሆነ። ቀላል አልነበረም። «ለመልአኩ ብንደግስ ምን ነውር አለው?» ያሉ ነበሩ፤ ከሁሉ የተሻለ የምታቀርበው ሴት እንደ ተሰደበች ቆጠረችው፣ ሁለት ወር አልመጣችም። ካህኑ ብዙ አልተናገሩም፤ «ጽዋው ስንት ይይዛል?» ብቻ ብለው ጠየቁ። በመጨረሻ ተወሰነ፤ ዳቦ፣ ጠላና ንፍሮ። ከዚያ ያለፈ ያቀረበ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ለደጀ ሰላም ነዳያን ይሆናል። እናቴና ሙሴው እንጀራ ጋጋሪዋ ቤት ሄዱ። ውሳኔውን ነገሯት እንጂ ስለ ጉልበቷ አላነሱም፤ እሷም አላነሳችም። የተራዋ ወር ሲደርስ ጽዋው እሷ ቤት አደረ። የተቀየመችውም ሴት ተመልሳለች፤ ሆኖም እስከ ዛሬ አንድ ጊዜ ተቀጥታለች፤ ዶሮዋን መተው አልቻለችም።

እናንተስ? ተራችሁ መቼ ነው? ሾላ ከመውረዳችሁ በፊት ከማኅበርተኞቻችሁ መካከል በዚህ ዓመት ሰበብ ሰጥታ የወጣች ካለች ስሟን አስታውሱና ቤቷ ድረስ ሂዱ። ዳቦና ጠላ ይበቃል ብላችሁ በስብሰባው ላይ የመጀመሪያውን ቃል እናንተ ተናገሩ።